የገንዘብ አማካሪዎ ክርስቲያን መሆኑ ይበቃል?

በዐቢይ ጾም ሰሞን፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጠበል ጠዲቅ ቀምሰን ስንወጣ፣ አክስቴ ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ወረቀት ፈትታ አሳየችኝ። ፎቶ ኮፒ ነው፤ ተጣጥፎ ተጣጥፎ መሀሉ ሊበጠስ ደርሷል። ከላይ የመስቀል ሥዕልና ከመዝሙረ ዳዊት የተወሰደ ጥቅስ አለበት። ከጥቅሱ ሥር ሠንጠረዥ፦ 40,000 ብር ላስገባ በየወሩ 4,000 ብር፣ 80,000 ላስገባ 8,000፣ ሰው ይዞ ለመጣ ደግሞ ተጨማሪ። ከታች የፊርማ ቦታ። ማኅተም የለውም፣ የፈቃድ ቁጥር የለውም፣ አድራሻ የለውም።

ወረቀቱን የሰጣት የሰንበቴዋ አባል ነው። «ጾመኛ ሰው ነው፣ ኪዳን አያመልጠውም። የገንዘብ አማካሪ ነኝ ብሎናል» አለችኝ። ልስጥ ወይስ አልስጥ ብላ አልነበረም የጠየቀችኝ። ያላትን 40,000 ብር በሙሉ ታስገባ ወይስ ግማሹን፣ እሱን ነበር።

እንዲህ ያለ ጥያቄ በደሴም በኮምቦልቻም፣ በኦርቶዶክሱም በወንጌላዊውም በካቶሊኩም ቤት እሰማለሁ። እምነቴን የሚያከብርልኝ የገንዘብ አማካሪ እንዴት ላግኝ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነው። ብዙዎቻችን ግን ፍለጋውን የምንጀምረው ከመጨረሻው ነው፤ የሰውየውን ሃይማኖት አይተን ሥራውን ሳናይ እንቀራለን።

የገንዘብ አማካሪ ሥራው ምንድን ነው?

የገንዘብ አማካሪ ማለት ገቢዎን፣ ወጪዎን፣ ዕዳዎን፣ ንብረትዎንና ከፊትዎ ያለውን ወጪ አይቶ፣ ገንዘቡን በምን ቅደም ተከተል ቢያውሉት እንደሚሻል የሚነግርዎ ሰው ነው። ሥራው እዚያ ያበቃል። ገንዘብዎን ተቀብሎ በእጁ አይዝም፣ በስሙም አያስቀምጥም።

ግራ የሚያጋባው ሦስት የተለያዩ ሥራዎች በአንድ ስም መጠራታቸው ነው። ቤት ያሠራ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። መሐንዲሱ ስንት ቤርጋ ብረትና ስንት ኩንታል ሲሚንቶ እንደሚፈጅ ያሰላል። ነጋዴው ብረቱንና ሲሚንቶውን ይሸጣል። ዘበኛው ዕቃው እንዳይነካ ያድራል። ነጋዴው ጨዋ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ስንት ቤርጋ እንደሚበቃዎ እሱ እንዲወስንልዎ አይተዉትም፤ ብዙ በገዙ ቁጥር የሚጠቀመው እሱ ነውና። በገንዘብም መካሪ አለ፣ ሻጭ አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ። የመድን ወኪል ሻጭ ነው፤ የሚወክለው የመድን ድርጅቱን እንጂ እርስዎን አይደለም። አክሲዮን ግዙ ብሎ ቢሮ ለቢሮ የሚዞር ወጣት ሻጭ ነው። ባንክ ገንዘብ ያዥ ነው። ሦስቱም ያስፈልጋሉ፣ ነውርም የለባቸውም። መጠንቀቅ የሚገባው አንድ ሰው ሦስቱንም ጠቅልሎ ሲይዝ ነው፤ እኔው መክሬ፣ እኔው ሸጬልዎ፣ ገንዘቡንም ለእኔው ይስጡኝ ሲል። የአክስቴ ሰውዬ እንዲያ ነበር።

ጥያቄው አሁን ለምን በዛ?

ቀድሞ የብዙ ቤተሰብ ምርጫ አጭር ነበር፦ ዕቁብ፣ ባንክ፣ ከብት፣ ወርቅ፣ ሲሳካ ቤት። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ነገሩ ተለወጠ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ወጣ። በጥቅምት 2017 ኢትዮ ቴሌኮም ድርሻውን ለዜጎች መሸጥ ጀመረ፤ አንዱ አክሲዮን 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ወይም 9,900 ብር፣ የሚገዛውም በስልክ፣ በቴሌብር ነበር። ጥር 2 ቀን 2017 የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተከፈተ። ሰነደ መዋዕለ ንዋይ የሚባለው የአንድ ድርጅት ባለድርሻ መሆንዎን ወይም ለድርጅቱ ወይም ለመንግሥት ማበደርዎን የሚያረጋግጥ ሰነድ ነው፤ አክሲዮንና ቦንድ ማለት ነው።

በሌላ በኩል ባንኮች በትንሹ የሚከፍሉት የቁጠባ ወለድ ለዓመታት በዓመት 7 በመቶ ሆኖ ቆይቷል። 100,000 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 107,000 ያገኛል። በዚያው ዓመት የዕቃ ዋጋ 15 በመቶ ቢጨምር፣ በ100,000 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ 115,000 ሆኗል። ብሩ ጨምሯል፤ የሚገዛው ግን አንሷል። ሰው ይህን በገበያ ዘንቢሉ ያውቀዋል። ስለዚህ የተሻለ ነገር ይፈልጋል፣ መካሪም ይፈልጋል። አጭበርባሪውም ይህንኑ ያውቃል።

ደሴ ላይ ፈቃድ ያለው አማካሪ እንዴት ይታወቃል?

በመጀመሪያ ፈቃድ ሲባል የትኛው ፈቃድ እንደሆነ እንለይ። በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 የተቋቋመ የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን የሚባል መሥሪያ ቤት አለ። በአክሲዮንና በቦንድ ላይ እየተከፈለው የሚመክር ሰው ወይም ድርጅት ከዚህ ባለሥልጣን የኢንቨስትመንት አማካሪነት ፈቃድ ማውጣት አለበት። ባንክ፣ መድን ድርጅትና ማይክሮ ፋይናንስ ፈቃዳቸውን የሚያገኙት ከብሔራዊ ባንክ ነው፤ የመድን ወኪልና የመድን ደላላም እንዲሁ። የኦዲት ባለሙያን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ነው። የገንዘብ ቁጠባና ብድር ማኅበር ደግሞ የሚመዘገበው የኅብረት ሥራ ማኅበራትን በሚያደራጀው መሥሪያ ቤት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «የማማከር አገልግሎት» የሚል የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር በመስታወት ተደርጎ ግድግዳ ላይ ሲያይ ልቡ ያርፋል። የንግድ ፈቃድ የሚናገረው ሰውየው ነጋዴ ሆኖ መመዝገቡን ብቻ ነው። በአክሲዮን ላይ እንዲመክር ወይም የሕዝብ ገንዘብ እንዲሰበስብ አይፈቅድለትም። ከሕዝብ ተቀማጭ መሰብሰብ ሕጋዊ ፈቃድ ያለው ተቋም ሥራ ነው፤ ግለሰብ በደረሰኝም ይሁን በቃለ መሐላ ሊሠራው አይችልም።

ያም ሆኖ በር ላይ «የገንዘብ አማካሪ» ብሎ የጻፈ ቢሮ ደሴ ፒያሳ ላይ እንደ ፋርማሲ በየመንገዱ አይገኝም። እኔ እንደማየው ለአብዛኛው ቤተሰብ ይህ ጉዳት አይደለም። የአብዛኞቻችን ጉዳይ አክሲዮን አይደለም፤ የቤት ወጪ፣ ዕዳ፣ የልጅ ትምህርት፣ የጡረታና የክፉ ቀን ጉዳይ ነው። ለዚህ የነጋዴዎችን መዝገብ የሚሠራ ጥሩ የሂሳብ ባለሙያ፣ በሰዓት ወይም በሥራ ተከፍሎት፣ ከበቂ በላይ ነው። አክሲዮን ልግዛ ሲሉ ብቻ ፈቃድ ያለውን የኢንቨስትመንት አማካሪ ይፈልጉ። ውል ሲሆን ጠበቃ አለ። አንድ ሰው ሁሉንም አይሞላም።

ሃይማኖታችን አንድ ከሆነ ለምን አይበቃም?

በአማርኛ እምነት የሚለው ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል። አንድም ሃይማኖት ነው፣ አንድም መተማመን። አንዱን ያገኘን ጊዜ ሌላውንም ያገኘን ይመስለናል። አጭበርባሪ የሚገባው በዚች ስንጥቅ ነው።

አያቶቻችን ግን ይህን ለይተው ያውቁ ነበር። ዕቁብን ይመልከቱ። አባላቱ ጎረቤታሞች ናቸው፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚያስቀድሱ፣ ክርስትና የተነሳሱ አሉበት። ይህም ሆኖ ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ሳይጠራ ብሩን አይወስድም። ዋስ መጠየቁን እንደ ስድብ የሚቆጥር የለም። ፍቅር በፍቅርነቱ፣ ሂሳብ በሂሳብነቱ ይያዛል። ከሰንበቴ ወንድማችን ገንዘብ ነክ ምክር ስንቀበልም ፈቃድህን አሳየኝ ማለት ዋስ ጥራ እንደማለት ነው።

ዕቁብ ሌላም ያስተምረናል። 20 ሰው በየወሩ 2,000 ብር ቢጥል ዕጣው 40,000 ነው። 20 ወር ሲያልቅ እያንዳንዱ 40,000 ከፍሎ 40,000 ወስዷል። ማንም አላተረፈም፣ ማንም አልከሰረም፤ ከገንዳው የገባው ነው የወጣው። አሁን የአክስቴን ወረቀት በዚህ ዓይን እንየው። 40,000 ሰጥታ በየወሩ 4,000 ቢመጣላት፣ ለመጀመሪያዎቹ 10 ወራት የሚመለስላት የራሷ ገንዘብ ነው። ደስ ይላታል፣ ለእህቷም ትናገራለች። ከ11ኛው ወር ጀምሮ ግን ገንዘቡ ከሌላ ሰው መምጣት አለበት። 10 ሰዎችን በየወሩ ለመክፈል 40,000 ብር ይዞ የሚገባ አንድ አዲስ ሰው በየወሩ ያስፈልጋል፤ እሱም በተራው ተከፋይ ይሆናል፣ ስለዚህ ዓመት ሳይሞላ በወር ሁለት ሰው፣ ቀጥሎ ሦስት፣ አራት። አዲስ ሰው የቀረ ቀን ክፍያው ይቆማል። ፒራሚድ የሚባለው ማጭበርበር ይኸው ነው፤ ሠንጠረዡ ላይ «ሰው ይዞ ለመጣ ተጨማሪ» የሚል መስመር የሚገባውም ለዚህ ነው።

ሂሳቡን በሌላ በኩል እንየው። በወር 10 በመቶ እየተደመረ ቢሄድ 40,000 ብር በዓመቱ ከ125,000 ብር በላይ ይሆናል። ደሴ ውስጥ ከአራዳ እስከ ሰኞ ገበያ ያሉትን ነጋዴዎች ጠይቁ፤ ኪራይና ግብር ከፍሎ ካፒታሉን በአንድ ዓመት ከሦስት እጥፍ በላይ የሚያደርግ፣ ያውም ሳያዛንፍ በየወሩ የሚያተርፍ ሥራ የትኛው ነው?

የሚያሳዝነኝ የመጨረሻው ነው። ገንዘቡ ሲጠፋ የተበደለው ክርስቲያን ብዙ ጊዜ ክስ አይመሠርትም። «ወንድሜን ፍርድ ቤት ላቁመው?» ይላል። አጥቢያው እንዳይሰደብ ዝም ይላል። ዝምታውም ቀጣዩን ሰው ያስበላል።

ታዲያ እምነቴ የሚገባው የት ላይ ነው?

በምክሩ ግብ ላይ ነው። ገንዘቡ ለምን እንደሚውል የሚወስኑት እርስዎ ነዎት፤ እምነትዎም የሚናገረው እዚያ ነው። ጥሩ አማካሪ ይህን ሰምቶ በቁጥር ያስቀምጥልዎታል።

ምሳሌ እንውሰድ። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ ሚስትና ብየዳ ቤት ያለው ባሏ ተደምሮ በወር 24,000 ብር ያገኛሉ እንበል። አስራታቸውን 2,400 ያወጣሉ። ኪራይ፣ ቀለብ፣ ትምህርት ቤት፣ ዕድር ተቀንሶ 5,000 ብር ይተርፋል። ወር ብቻ የሚቆጥር አማካሪ «በዓመት 60,000 ትቆጥባላችሁ» ይላቸዋል። ወረቀት ላይ ልክ ነው። የክርስቲያን ቤት ወጪ ግን የሚሄደው በበዓላት ነው። ለፋሲካ 12,000፣ ለገና 5,000፣ መስከረም 21 ለግሸን ማርያም ጉዞ 4,000፣ የማኅበሩ ተራ ሲደርስ 9,000፤ ድምሩ 30,000 ብር። ስለዚህ በእውነት የሚተርፈው በዓመት 30,000 ነው፣ በወር 2,500። ይህን ቀድሞ ያልቆጠረ ቤተሰብ ብድር የሚፈልገው በሰሙነ ሕማማት ነው፤ በጉ ደግሞ የሚወደደው ያኔ ነው። የቆጠረ ግን ከመስከረም ጀምሮ 2,500 ብር ለብቻ እያስቀመጠ ፋሲካን ያለ ዕዳ ይፈስካል።

ይህን ለማወቅ አማካሪው የግድ ክርስቲያን መሆን የለበትም። በወሎ ምድር ይህን ማስረዳት አይከብድም። ደሴ ተወልዶ ያደገ ሙስሊም የሂሳብ ባለሙያ የፋሲካን ዋዜማ ገበያ ከልጅነቱ ጀምሮ አይቶታል፤ ጎረቤቱ ለፋሲካ ሲጠራው፣ እሱም ለዒድና ለአረፋ ሲጠራ ኖሯል። አስራት ሲባል ዘካን ያስባል፣ ነገሩን ከልቡ ያከብራል። ይልቅ አስራቱን አይቶ «ይቺን ወጪ ብትቀንሷት» ብሎ የሚጀምር ሰው፣ ክርስቲያንም ቢሆን፣ ለእርስዎ አይሆንም። በተቃራኒው «ብቻ ስጡ እንጂ እጥፍ ሆኖ ይመለሳል» እያለ ስጦታን እንደ ትርፍ ማግኛ የሚያስብልዎም አይሆንም። አስራት ከጠቅላላ ደመወዝ ነው ወይስ እጅ ላይ ከሚደርሰው? ይህ ጥያቄ የንስሐ አባትዎ ወይም የመጋቢዎ ነው። የአማካሪው ሥራ እነሱ የመለሱልዎን ቁጥር ከነክብሩ ዕቅዱ ውስጥ ማስገባት ነው።

አንድ ሌላ ነገር ካልጠየቀዎት ደግሞ ያስታውሱት፦ ዋስ ሆነዋል? መጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 6 ለባልንጀራው ዋስ የሆነን ሰው በገዛ አፉ ቃል ተጠመደ ይለዋል። እኛ አገር ዋስ መሆን የፍቅር መግለጫ ነው፤ እምቢ ማለት ይከብዳል። ሂሳብ ላይ ግን ያልተቆጠረ ዕዳ ነው። ተበዳሪው ያልከፈለ ቀን ዕዳው የእርስዎ ይሆናል። ዋስ የሆኑለትን ሰው ስምና መጠን ከዕዳዎ ጋር አብረው ይጻፉ።

የኅሊና ጉዳይም አለ። ኮምቦልቻ የቢራ ፋብሪካ ያለባት ከተማ ናት። የቢራ ፋብሪካ አክሲዮን መያዝ ለአንዱ ክርስቲያን ምንም አይደለም፣ ለሌላው እንቅልፍ ይነሳዋል። አማካሪው ሊከራከርዎ አይገባም። የማይገቡበትን ሥራ ዘርዝረው ይስጡት፣ እሱም በዚያ አጥር ውስጥ ይሥራ።

የዚህ አካባቢ ሰው ደግሞ ሌላ የማይረሳው ነገር አለ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ሱቅ ተዘረፈ፣ ባንክ ተዘጋ፣ ሰው ልጁን ይዞ በእግሩ ወጣ። ገንዘቡን ሁሉ በአንድ ሱቅ ዕቃ ላይ ያዋለ ሰው ሁሉንም በአንድ ቀን አጣ። ከዚያ ወዲህ እዚህ የሚሰጥ ማንኛውም ምክር «ነገ ለቃችሁ ብትወጡ ምን ይዛችሁ ትወጣላችሁ?» የሚለውን መመለስ አለበት። ጥቂት ወር የሚያሳድር ጥሬ ገንዘብ ከየትም ከተማ በሚወጣ ባንክ፣ የቤት ካርታና የልደት የምስክር ወረቀት ቅጂ ሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ቤት። ይህን ያላነሳ አማካሪ ወሎን አያውቅም።

ባንክ የሚከፍለኝ ወለድ አራጣ ነው?

ይህ ከሁሉ በላይ የሚጠየቅ ነው። በመዝሙር 14 (በሌላው አቆጣጠር 15) ገንዘቡን በአራጣ የማያበድር ሰው ይመሰገናል፤ በኦሪትም ድሀ ወንድምህን አራጣ አታስከፍል ተብሏል። በማቴዎስ 25 ደግሞ ጌታው ሰነፉን አገልጋይ ገንዘቤን ለለዋጮች ብትሰጠው ከትርፉ ጋር በወሰድኩት ነበር ይለዋል። ክርስቲያኖች ሁለቱን አስታርቀው የሚያነቡበት መንገድ አንድ አይደለም፤ ብዙዎች የድሀን ችግር ተጠቅሞ መበዝበዝንና በባንክ አስቀምጦ ድርሻ መቀበልን ይለያሉ፣ ሁለቱንም የሚሸሹም አሉ። ውሳኔው የእርስዎና የመንፈሳዊ አባትዎ ነው።

ሕጉ የሚለው ግን ግልጽ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በተራ ሰዎች መካከል የሚደረግ ብድር ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ ካልሆነ ለማስረዳት ከባድ እንደሆነም ይኸው ሕግ ያመለክታል። አራጣ ማበደር ደግሞ በወንጀል ሕጉ ያስቀጣል። መንደር ውስጥ «በወር 10» ተብሎ የሚሰጠው ብድር በዓመት 120 በመቶ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ሕጉ ከፈቀደው 10 እጥፍ።

ወለድ መቀበል የማይፈልግ ክርስቲያን አማራጭ አለው። ከወለድ ነጻ የባንክ አገልግሎት ደንበኛን በሃይማኖት አይለይም፤ ደሴ ላይ ደግሞ የሚያስረዳዎት ሰው አያጡም። የትኛውንም ይምረጡ፣ ገንዘቡ የሚቀመጠው በብሔራዊ ባንክ ቁጥጥር ሥር ባለ ተቋም ይሁን። አንድ ባንክ ቢወድቅ የተቀማጮች መድን ፈንድ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ይሸፍናል። የሰንበቴ ወንድም የሰጠን ወረቀት ምንም አይሸፍንም።

አማካሪውን የሚከፍለው ማን ነው?

ቤት ያከራየ ሰው ደላላን ያውቃል። ኮሚሽኑ የሚታሰበው ከኪራዩ ከሆነ ኪራዩ ቢቀንስ ደላላው አይደሰትም። አማካሪም እንዲሁ ነው። «ለእርስዎ ነጻ ነው» ካለ ሌላ ሰው እየከፈለው ነው ማለት ነው፤ የመድን ድርጅት፣ አክሲዮን ሻጭ፣ መሬት ሻጭ። ነውር ላይሆን ይችላል፤ ግን ማወቅ አለብዎት። «ይህን ብገዛ አንተ ስንት ታገኛለህ?» ብሎ መጠየቅ ለብዙዎቻችን ይከብዳል፤ ይሉኝታ አለ፣ በተለይ ሰውየው የቤተ ክርስቲያን ሰው ከሆነ። እንደ ምንም ብለው ይጠይቁት። ቀና ሰው በቁጥር ይመልሳል። ሌላው «በእኔ አላመንክም እንዴ?» ይላል።

እኔ የምመርጠው ከኪሴ የምከፍለውን ነው። በሥራ ወይም በሰዓት ተነጋግሮ፣ ደረሰኝ ተቀብሎ። ገንዘቡ ያስቆጫል፤ ግን ያ ሰው የሚያገለግለው እኔን ብቻ ነው።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶች የሚሉትስ?

አንዳንዶች ውጭ ካሉ ዘመዶቻቸው «ክርስቲያን ፋይናንሻል አድቫይዘር» የሚል ይሰማሉ። እውነት ነው፣ እዚያ ኪንግደም አድቫይዘርስ የሚባል ድርጅት በመጽሐፍ ቅዱስ መርሕ ለሚመክሩ ባለሙያዎች የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ነገር ግን ይህ የሚመጣው በፈቃዱ ላይ ተደርቦ ነው። በአሜሪካ በ1940 እ.ኤ.አ. የወጣ የኢንቨስትመንት አማካሪዎች ሕግ አለ፤ አማካሪው የደንበኛውን ጥቅም ከራሱ እንዲያስቀድም የሚያስገድደው ግዴታ የሚነሳው ከዚያ ነው። ክርስቲያን መሆኑ ከሕጉ አያስመልጠውም። ስሙ ብቻ ወደ እኛ ሲመጣና ሕጉ ወደ ኋላ ሲቀር ነው ችግሩ።

የመጀመሪያው ቀን ምን ይዤ ልሂድ?

ባልና ሚስት ከሆናችሁ አብራችሁ ሂዱ። ይህን ነጥብ አላሳጥረውም፤ አንዱ ብቻ የሰማው ምክር ቤት ውስጥ ጠብ ይሆናል። የደመወዝ ወረቀት፣ የባንክ ደብተር፣ የዕዳና የዋስትና ዝርዝር፣ የበዓላት ወጪ በወር በወሩ የተጻፈበት ደብተር ይያዙ። በግል ድርጅት ተቀጥረው የሚሠሩ ከሆነ ጡረታዎ በትክክል እየገባ መሆኑን ይጠይቁ፤ ከደመወዝዎ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ይጨምራል። ይህን ሳያጣሩ ሌላ ቦታ ትርፍ መፈለግ በእጅ ያለውን መጣል ነው።

አማካሪው የነገረዎትን በጽሑፍ ይስጥዎ። ውክልና ስጡኝ፣ የቴሌብር ይለፍ ቃልዎን ንገሩኝ፣ ገንዘቡ በእኔ ሂሳብ ይለፍ ካለ ተነሥተው ይውጡ። ከቸኮለም እንዲሁ፤ «ዛሬ ካልሆነ ዕድሉ ያልፋል» የሚል ምክር ለእርስዎ ተብሎ የተሰጠ አይደለም። እንዲህ ላለ ነገር አንድ ሳምንት ቆይቶ፣ ጸልዮ፣ ሌላ ሰው ጠይቆ መወሰን ተገቢ ነው። በጎ መካሪ ሌላ መካሪ ብትጠይቁ አይከፋውም፤ መካሪዎች በበዙበት ሐሳብ ይጸናል የሚለው ቃልም ይህንኑ ነው።

አክስቴን ቧንቧ ውሃ አካባቢ የሱቆች መዝገብ ወደሚሠራ አንድ የሂሳብ ባለሙያ ወሰድኳት። እየፈራች ነበር የገባችው። ወረቀቱን ዘርግታ ሰጠችው፣ አነበበው፣ ስለ ሰውየው ምንም አላለም። «አብሽሪ እትዬ። ይህ ገንዘብ መቼ ነው የሚፈለገው?» አላት።

እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ትንሽ አሰበችና «ጣሪያዬ ያፈሳል። ክረምት ሳይገባ ነበር» አለች።

ወረቀቱን ገለበጠውና በጀርባው ጻፈ፦ ቆርቆሮ፣ ምስማርና የእጅ ዋጋ 23,000፣ ለክፉ ቀን ባንክ 10,000፣ ለታናሽ ልጇ ትምህርት ቤት 7,000። 500 ብር ከፈለችው፣ ደረሰኝ ሰጣት፣ ወረቀቱን አጣጥፋ እንደገና ነጠላዋ ላይ ቋጠረችው። ጣሪያዋን ግንቦት ላይ አስመታች።